የቄስ ገብረ ጻድቅ ማንዶሊን

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመምህርት ባፈና ገብረ ጻድቅ
ጎረቤላ

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ዓወል ትናንት በእጄ ሰጠኝ። ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽን ቄስ ገብረ ጻድቅን አላውቃቸውም። ዓወል ግን እናንተ ዘንድ አንኮበር ላይ ሰው ከሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው እንደነበሩ ነገረኝ። ነገረኝ ስልሽ በወረቀት ጽፎ አሳየኝ ማለቴ ነው።

የስልክ ቁጥሬን ጠይቀሽኛል። ቅር አይበልሽ፣ ስልክ አልያዝሁም። ከሦስት ዓመት በፊት ማጅራት ገትር ጥሎኝ ስነሣ ሁለቱም ጆሮዎቼ አብረውኝ አልተነሡም። እናንተ ዘንድ ኔትወርኩ ቢመለስም ለእኔ ያው ነው። ክራርና ጊታር የሚያስጠግኑ ሰዎች ግን አሁንም ይመጣሉ። እንጨቱን እጠግናለሁ፣ ቅኝቱን ለባለቤቱ እተዋለሁ። ስለዚህ የማንዶሊኑ ድምፅ ያምር እንደሆነ ፍረድልኝ አትበይኝ። የት እንደተሠራና ደረጃው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ዓይንና ጣት ይበቃል።

መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት ጊዜ አምጪው አልልሽም። እዚያው ሆነሽ የምልሽን አድርጊ። ክሮቹ ላልተው ከሆነ እንደላሉ ይቆዩ፤ በአሮጌ ማንዶሊን ላይ ስምንት ክር ባንድ ጊዜ ከወጠርሽ አንገቱ ይሰበራል። በቀዳዳው ባትሪ አብሪና ውስጡን እዪ። የተለጠፈ ወረቀት ካለ ፊደሉን እንዳለ ገልብጪልኝ፣ የጠፋውን በግምት አትሙይ። ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠ ከሆነ የተጋጠሙትን ቀጫጭን እንጨቶች ቁጠሪ። ጣት የሚያርፍበትን ጥቁር እንጨት በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጥረጊው፤ ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም የተቀባ ርካሽ እንጨት ነው። ከቀዳዳው በታች መምቻው እንዳይቧጭረው የተለበጠ ነገር አለ። እሱን እስኪሞቅ በአውራ ጣትሽ አሺውና አሽቺው። ልብስ መሃል እንደሚደረገው ካፉር ከሸተተሽ በውድ ማንዶሊን ላይ የሚደረገው የኤሊ ቅርፊት አይደለም፣ የፋብሪካ ፕላስቲክ ነው።

በደብዳቤሽ ያነሣሽው የአዲስ አበባ ሰውዬ «የናፖሊ ነው» ያለው ምን አይቶ ነው? ደግሞም ስሜን ከማን እንደሰማሽ አልጻፍሽልኝም።

ሰይፈሥላሴ


ጎረቤላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስለ ጆሮዎ ሳላውቅ ስልክ በመጠየቄ አፈርኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ትምህርት ቤቱ በተኩሱ ምክንያት ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ጊዜ ሞልቶኛል። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል። የቀረው «ካታንያ» የሚለው ቃልና «19» ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች የሉም። የጀርባው እንጨቶች አሥራ ሰባት ናቸው፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ጨርቁ ጠቆረ። ካፉሩም ሸተተኝ። ክሮቹ ግን ልልት ብለው ነው የተገኙት፣ አንዱም አልተወጠረም።

ያገኘነው አባቴ መጻሕፍቱን በሚያስቀምጥበት ሣጥን ሥር፣ በፍየል ቆዳ ተጠቅልሎ ነው። አባቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ቀድሷል። እቤታችን ራዲዮ እንኳ ዘፈን ከጀመረ ይዘጋ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ጊዜ አይታው ስትጠይቀው «ከአሊዩ አምባ ገበያ የገዛሁት ነው፣ ተዪው» አላት። ከዚያ ወዲያ ተነሥቶ አያውቅም።

የአዲስ አበባው ሰው የወንድሜ የሠረቀብርሃን ወዳጅ ነው። ፎቶውን ብቻ ነው ያየው። ሠረቀብርሃን አሁኑኑ ይላክለት ይላል፤ እኔ ምንነቱን ሳናውቅ አይወጣም ብዬ ያዝኩት። ስምዎን ከማን እንደሰማሁ ጠይቀውኛል። እርስዎን የሚያውቅ ሰው ነው የነገረኝ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከቀዳዳው በስተ ግራ የገብስ ፍሬ የሚያህል ቀላ ያለ እንጨት ተሰክቶበታል። ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ይህ ዋጋውን ይቀንሰዋል?

ባፈና


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ባፈና፣

ዓወል ሁለት ጊዜ መልስ ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። ብርዱ እጄን ይዞኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

ማንዶሊኑ ምርጦቹ ከሚሠሩባት ከናፖሊ አይደለም። ካታንያ ሲሲሊ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ በዚያ ዘመን ማንዶሊን በብዛት እየሠሩ በሣጥን በሣጥን የሚልኩ ነበሩባት። ጥሩ የሚባለው ጀርባው ሃያ አምስትና ከዚያ በላይ ቀጫጭን እንጨት ይኖረዋል። አሥራ ሰባት ከሆነ ሠራተኛው ቸኩሏል ማለት ነው። ጨርቁ መጥቆሩም ካፉሩም ያንኑ ይናገራሉ። ሙዚየም የሚገባ ዕቃ አይደለም። ለወንድምሽ ወዳጅ ይህን እውነት ንገሩት። እንዲህም ሆኖ በአንኮበር ጉም ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ተቀምጦ መጋጠሚያው ካልተከፈተ፣ የቸኮለውም ሰው ቢሆን እጁ የተባረከ ነበር።

ክሮቹን ስላላላው ሰው ትንሽ ልበል። አንድ ሰው ማንዶሊን ደብቆ ሲያስቀምጥ ክሩን ማላላት አይታሰበውም። ይህን የሚያውቅ የመታው ወይም ሲመታ አጠገቡ የኖረ ሰው ነው። ከአሊዩ አምባ ገበያ ገዝቶ የጣለው ሰው አያውቀውም።

አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ቀላ ያለውን ቁራጭ በቀዳዳው ጣትሽን አስገብተሽ በውስጥ በኩል ዳብሺው፤ በሰም የተያዘ ነው? ሁለተኛው፣ አባትሽ ከመቀሰሳቸው በፊት በዓለም ስማቸው ማን ይባሉ ነበር?

ሰይፈሥላሴ


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣

በሰም ነው የተያዘው። ጣቴ ላይ ተፈረፈረ።

አባቴ ከመቀሰሱ በፊት ማንደፍሮ ይባል ነበር። ይህን ስም የሚያውቀው ሰው አሁን ጥቂት ነው።

ዕቃውን ሳያዩት በውስጥ በኩል ሰም እንዳለ እንዴት አወቁ? ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሠረቀብርሃን «ይኸው ርካሽ ነው ተባለ፣ ወዳጄ ግን እንዲህም ሆኖ ይፈልገዋል፣ ለገና ሲመጣ ይውሰደው» ይለኛል። እኔ እንቢ እያልኩ ነው፤ ለምን እንቢ እንደምል ግን አልነገርኩትም። ለእርስዎም አልነገርኩዎትም። መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ።

ባፈና


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ባፈና፣

ያን ቁራጭ የሰካሁት እኔ ነኝ። የወይራ እንጨት ነው፤ ሰሙ ከጧፍ የተረፈ ነው። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ገብረአብ «አትንካው» እያለኝ አንሥቼው ከእጄ ወደቀና ፊቱ ተሰነጠቀ። ቀኑን ሙሉ ተደብቄ ጠገንሁት። ሲያየው ይመታኛል ብዬ ስጠብቅ አገላብጦ አየውና «አንተ ሙያ አለህ» አለኝ። የዛሬው እንጀራዬ ከዚያች ቃል ነው የመጣ።

ማንዶሊኑን ለቤታችን ያመጣው አባቴ ነው። ጣርማበር መንገድ ላይ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን አገሩ ሲገባ ትቶለት ሄደ። አባቴ ሲሞት ለገብረአብ ቀረ። ወንድሜ በአውራጃው ኪነት ውስጥ ማንዶሊን መቺ ነበር። ማንደፍሮ የሚባል ዘፋኝ ጓደኛ ነበረው። ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። አባትሽ እንዲያ ይስቁ ነበር?

በ1977 ዓ.ም. በየካቲት፣ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በበረታበት ሰሞን፣ ገብረአብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማንዶሊኑን ይዞ ማንደፍሮ ቤት ሄደ። አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን የታፈሱት በመኪና ወደ ሰሜን መሄዳቸውን ሰማን። ማንደፍሮንም ከዚያ ወዲያ አላየነውም፣ አብሮት የታፈሰ መሰለን። እኔ ያን ጠዋት እቤት ነበርሁ። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

እናቴ ለጎረቤት ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር። «ልጄ ማንዶሊኑን ይዞ ነው የሄደ። ማንዶሊን የያዘ ሰው ግንባር አያሰልፉም፣ ወታደር እንዲያጫውት ከኋላ ያስቀምጡታል።» መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። በ1990 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ ሬዲዮ ላይ ማንዶሊን በሰማች ቁጥር «ዝም በሉ፣ እሱ ይሆናል» ትል ነበር።

አሁን ማንዶሊኑ አንኮበር ከሣጥን ሥር ወጣ። ስለ ቁራጩ ከጻፍሽልኝ ቀን ጀምሮ አውቄው ነበር። ሦስት ሳምንት የዘገየሁት ብርድ ይዞኝ አይደለም። ርካሽ ነው ያልሁሽም ላገኘው ፈልጌ እንዳይመስልሽ፤ የማላውቀው ሰው ዕቃ ቢሆንም ያንኑ እልሽ ነበር።

ስጪኝ አልልሽም። አባትሽ የነገሩሽ ነገር ካለ ግን ንገሪኝ።

ሰይፈሥላሴ


ጎረቤላ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣

አዎ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር።

ዋሽቼዎታለሁ። የእርስዎን ስም የነገረኝ አባቴ ነው። ከመሞቱ ስድስት ቀን በፊት፣ ሆዱ አብጦ ውሃ እንኳ መዋጥ ሲያቅተው፣ ሠረቀብርሃንን ከቤት አስወጣና እኔን ጠራኝ። «ከሣጥኔ ሥር ማንዶሊን አለ። ደብረ ብርሃን ሰይፈሥላሴ የሚባል ዕቃ ጠጋኝ አለ። ለሱ ስጪው» አለኝ። ያኔውኑ መላክ ነበረብኝ። ግን የአዲስ አበባው ሰው ብርቅ ነው ሲል ሰማሁና ልቤ ተከፈለ። ጣራችን ተበስቷል፣ እኔ ከነሐሴ ጀምሮ ደመወዝ አላየሁም። እስቲ መጀመሪያ ምንነቱን ልወቅ፣ ውድ ካልሆነ እሰጣለሁ አልኩ። የአባቴን የመጨረሻ ቃል እንደዚህ ነው የመዘንኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን ለእርስዎ ጻፍኩት።

አባቴ ያለኝን አንድም ቃል ሳልጨምር እጽፍልዎታለሁ።

ያን ቅዳሜ ሁለቱ አዲስ ዜማ ሲለማመዱ ውጭ የሰው ጫጫታ ተሰማ። ገብረአብ ማንዶሊኑን እንደያዘ ቆጥ ላይ ወጣና ተደበቀ። አባቴ ሊከተለው ሲል በሩ ተገፋ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ገና እግሩ ደፍ ላይ ሳለ፣ «ማንዶሊን የያዘው የት አለ?» አለው።

«የለም» አለ አባቴ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ አይደለሁም፣ እኔ መምታት አልችልም።»

«እንግዲያ የት ነው?»

«ቃል አልተናገርኩም» አለኝ አባቴ። «ዓይኔ ብቻ ቀና አለ። ባፈና፣ ዓይኔን ብቻ ነው ወደ ላይ ያነሣሁት።»

ከቆጡ አወረዱት። አንዱ «ይሄኛውስ?» ሲል ሌላው «የታዘዝነው አንድ ነው፣ ሞልቷል» አለ። ገብረአብ በር ላይ ሲደርስ ማንዶሊኑን ለአባቴ ሰጠውና «ለሰይፌ ስጠው» አለው። ሌላ ነገር አላለውም። አልሰደበውም።

አባቴ ሊሰጥዎት ሦስት ጊዜ መጥቷል። በመጨረሻው፣ በ1978 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን፣ እናትዎ በር ላይ በርበሬ እያሰጡ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማ። ልጄ ማንዶሊኑን ይዞ ነው የሄደ ሲሉ። እጁ ላይ ባለው ዕቃ ተስፋቸውን እንዴት ይቁረጥ? ተመለሰ። ከዚያ እዚህ አንኮበር መጥቶ ቆሎ ተማሪ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያውቁታል። በየዓመቱ አንድ ቀን፣ በየካቲት፣ ቅዳሴ አይገባም ነበር። አሞኝ ነው ይል ነበር። አሁን ገባኝ።

ይህን ሁሉ ለሠረቀብርሃን ነገርኩት። በመጀመሪያ ተቆጣ። «የሞተ ሰው ኃጢአት አውጥተሽ ለባዕድ ትጽፊያለሽ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ማንዶሊኑን ራሱ በአዲስ ጋቢ ጠቅልሎ ዓወል መኪና ላይ አስቀመጠው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል።

አባቴን ይቅር ይበሉት ብዬ ለመለመን አፍ የለኝም። መልስ ባይጽፉልኝም አልቀየምም።

ባፈና


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ባፈና፣

ማንዶሊኑ በሰላም ደርሷል። ዓወል «አልሐምዱሊላህ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት፣ ፍተሻ ላይም እኔው ነኝ የፈታሁት» ብሎ ጻፈልኝ። አንገቱ ትንሽ ጎብጧል፣ ፊቱ ክሮቹን ከሚሸከመው ድልድይ ሥር ሰጥሟል፣ ከውስጥ አንዱ ደጋፊ ለቋል። ሁሉም የሚጠገን ነው። ክር ከተወጠረበት ይጮኻል። እኔ አልሰማውም። እስካሁን አልወጠርሁበትም፣ ምናልባትም አልወጥርበትም።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አላውቅም። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሰውዬው ገና እግሩ ደፍ ላይ ሳለ «ማንዶሊን የያዘው የት አለ» አለ ይላል። ወደ ቤት ሳይገባ። ማንዶሊኑን ሳያይ። አባትሽ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዓይናቸውን ሲከሱ ይህችን ነገር አላስተዋሏትም።

ያን ጠዋት እቤት ነበርሁ፣ ከዚያ በላይ አላውቅም ብዬሽ ነበር። አንቺ ዋሽቼዎታለሁ ብለሽ በግልጽ ስለጻፍሽልኝ እኔም ልጻፍ።

ሰዎቹ መጀመሪያ የመጡት እኛ ቤት ነው። እናቴ ገበያ ወጥታለች። አንደኛው ፈገግ ብሎ «ወንድምህ የታል? ኪነቱ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፣ ስሙ ወጥቶለታል፣ መኪናው እየጠበቀው ነው» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አፈሳ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሕፃን አልነበርሁም። ግን ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ መድረክ ላይ ሲቆም ታየኝ። ደስ አለኝ። «ማንዶሊኑን ይዞ ማንደፍሮ ቤት ነው» አልኋቸው። ቤቱን አናውቀውም ሲሉኝ ከበግ ተራ በታች እስካለው መታጠፊያ ድረስ ፊት ፊት እየሄድሁ መራኋቸው። በጣቴ አሳየኋቸው።

ወደ ቤት ስመለስ እየዘለልሁ ነበር።

አባትሽ ዓይናቸውን ባያነሡም ቆጡን ይፈትሹት ነበር። የት እንዳለ አውቀው ነው የመጡት። እኔ ይህን ለእናቴ አልነገርኋትም። እሷ «ማንዶሊኑን ይዞ ነው የሄደ» ስትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አዎ» እላለሁ። ያቺን ወሬ ያስጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ ብያታለሁ፣ እውነትም አይቻለሁ። አባትሽን ከደጃችን የመለሰቻቸው ያቺው ወሬ ናት። ያን ቀን ገብተው ቢሆን እናቴ ታለቅስ ነበር፣ ግን አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሳቸው ያዩትን ቢነግሩኝ፣ እኔ ያደረግሁትን ብነግራቸው፣ ሁለታችንም ሌላ ሰው ሆነን እንኖር ነበር። በመካከላችን ያለው መንገድ የግማሽ ቀን ነው።

ባለፈው እሑድ ለገብረአብ ፍትሐት አስደረግሁ። ቄሱ «መቼ ነው ያረፈው?» ብለው ጻፉልኝ። አላውቅም አልሁ። «የት?» አሉኝ። አላውቅም። ስሙን ብቻ ያዙና ፈቱት። ጎረቤቶቼ መጥተው ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ይህን የምጽፍልሽም ከለቅሶ ቤት ነው።

ስለ አባትሽ የጠየቅሽኝን አሰብሁበት። ይቅር ብሏቸዋል ብለሽ አትንገሪልኝ፤ ይቅር የምል እኔ አይደለሁም። መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ ብዬም ተስፋ አልሰጥሽም። ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። መቃብራቸው ላይ ሂጂና፣ ሰው ቢያይሽም አትፈሪ፣ ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው። አንተ አይደለህም በያቸው። ቤቱን ያሳየ ሰው ነበረ በያቸው። ስሜን ጠርተሽ፣ ሰይፈሥላሴ ነው በያቸው።

ሰይፈሥላሴ